ሙጫም ውል አለው

በአገራችን በረዶ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ልጆች በሳህን ሊለቅሙት የሚሻሙት፣ ገበሬው ግን ማሳዬን አወደመብኝ ብሎ የሚያዝንበት በረዶ ነው። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ሲል እንጨትና ሙጫ ገዝቶ ቅዳሜና እሑዱን ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶ የሚያሳልፍ ዘመድ ይኖረኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይደለም። እኔም ባለፈው ጥር ወር በአሜሪካ፣ ዴንቨር ኮሎራዶ የሚኖረውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ እስክሄድ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤም አልነበረም።

ዴንቨር ብዙ ሐበሾች የሚኖሩባት፣ ከምዕራብ በኩል የሮኪ ተራሮች የተደረደሩባት ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ ከ20 ዓመት በላይ ኖሮባታል። በሒሳብ ባለሙያነት ይሠራል፤ ሚስትና የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። እነሱ ክረምት በሚሉት፣ እኛ በጋ በምንለው ወቅት ቤተሰቡ ቅዳሜን የሚውለው ተራራ ላይ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ጥሩ ስኪ ብዙ መቶ ዶላር ስለሚያስወጣ፣ ልጅቷም በየዓመቱ ቁመት ስለምትጨምር፣ «ለምን ራሴ አልሠራውም?» ብሎ ተነሣ። ነገሩ እብደት አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ስኪና ስኖውቦርድ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ሞልተዋል።

የመጀመሪያውን ጥንድ ለራሱ ሠራ። አምሮለትም ነበር። በአራተኛው ጉዞ ላይ ግን የግራው ስኪ ከአፍንጫው ጀምሮ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ ለሁለት ተከፈለ። ሰውዬው ተገለበጠ፤ ትከሻው ወለቀ፤ ለስድስት ሳምንት እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከረመ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ እጁ ድኖ ሁለተኛውን ጥንድ ለመጀመር እየተሰናዳ ነበር። ሁለተኛው ጥንድ ግን ለእሱ አይደለም። ለልጁ ነው።

«ጋሼ፣ እኔኮ ከሁሉም ጠንካራ የተባለውን ሙጫ ነበር የገዛሁት» አለኝ ጣሳውን እያሳየኝ። ተቀብዬ አነበብኩት። ከፊት ለፊቱ በትልልቁ «እጅግ ጠንካራ»፣ «ፈጣን» ይላል። ከጀርባው ደግሞ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ሕግ የተማረ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር ካየ መነጽሩን ያወጣል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል እኔና እሱ ያገኘነውን የኢፖክሲ አምራቾች መግለጫ ሁሉ ስናነብ አመሸን። ከዚህ በታች የማቀርበው ከዚያ የቀሰምኩትን ነው። ቁም ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለስኪ የሚሆን ኢፖክሲ ሠሪው ካለው ሙቀት፣ ካለው ጊዜና ካለው መጭመቂያ ጋር ተመዛዝኖ ነው የሚመረጠው። ከእነዚህ ጋር የማይስማማ ሬዚን፣ ጣሳው ላይ ምንም ይጻፍበት ምን፣ ስኪውን አንድ አድርጎ አይዝም።

ስኪው ውስጡ ምንድን ነው?

ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ፕላስቲክ የሚመስለው ስኪ፣ ቢሰነጥቁት እንደ ኮምፔርሳቶ ንብርብር ነው። ከታች በረዶውን የሚነካው ፖሊኤቲሊን የተባለ አዳላጭ ፕላስቲክ አለ። በዙሪያው ቀጭን የብረት ጠርዝ ይታሰራል። ከዚያ በላይ ፋይበርግላስ፣ መሐል ላይ እንጨት፣ እንደገና ፋይበርግላስ፣ በመጨረሻም የላይኛው ሽፋን ይመጣል። ስኖውቦርድም ሰፋ ከማለቱና ሁለቱም እግር በአንድ ሰሌዳ ላይ ከመቆሙ በቀር በአሠራሩ ያው ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ ምስማር የለም፤ ብሎን የለም። ሁሉም የተንጠለጠለው በሙጫው ላይ ነው።

ሙጫው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ንብርብሮቹን ማጣበቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፋይበርግላሱ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ እሱን ራሱን ማጠንከር ነው። ፋይበርግላስ ብቻውን ከብርጭቆ ክር የተሠራ፣ እንደ ነጠላ የሚጣጠፍ ጨርቅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እነዚያ ክሮች ጉልበት የሚኖራቸው ሲያብሩ ነው፤ የሚያስተባብራቸው ደግሞ በመካከላቸው ገብቶ የሚጠነክረው ሬዚን ነው። ክሩ ዘንድ ያልደረሰ ሬዚን እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልሠራም ማለት ነው።

ችግሩ የሚጣበቁት ነገሮች ጠባያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። እንጨት ሙጫ ይጠጣል። ብረት አይጠጣም፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀና ቅባቱ ካልጸዳ አይዝም። ፖሊኤቲሊን ደግሞ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ዘይት የጠገበ ምጣድ ሊጡን እንደማያስይዝ ሁሉ እሱም ሙጫ አያስጠጋም። በዚህ ምክንያት ለስኪ የሚሸጠው ፖሊኤቲሊን በአንድ ገጹ በኩል በነበልባል ወይም በሌላ ዘዴ ታክሞ፣ ሙጫ እንዲቀበል ተደርጎ ይመጣል። ያንን ገጽ በባዶ እጅ መንካት እንኳ አይመከርም። ብረቱና ፋይበርግላሱም በመታጠፍና በመሳብ እኩል ስላልሆኑ፣ በመካከላቸው ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ይገባል።

ይህን ፈተና ያዩት ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ያሉት ብቻ አይደሉም። የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄድ እ.ኤ.አ. በ1947 አሉሚኒየምና እንጨት ደራርቦ ስኪ መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ተሰባብረውበታል። ለገበያ የሚበቃውን ያወጣው በ1950 ነው። በ1965 የገና ዕለት ደግሞ ሸርማን ፖፐን የተባለ የሚሺጋን ሰው ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው፤ የዛሬው ስኖውቦርድ አያት ያ መጫወቻ ነው። አባት ለልጁ በቤቱ የሚሠራው ነገር መሆኑ እንግዲህ ከጥንቱም የነበረ ነው።

ደላላና ተዋዋይ

ኢፖክሲ ራሱ ዕድሜ ያለው ቁስ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል ሽላክ እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ መብት ጠይቆበታል። ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ መጨረሻ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ቁስ ሲፈልግ ደርሶበታል። ሲባ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያም በ1946 «አራልዳይት» ብሎ ለሕዝብ አስተዋውቆታል። መርካቶ ውስጥ በሁለት ትንንሽ ቱቦ የሚሸጠውን፣ ተቀላቅሎ የሚቀባውን ማጣበቂያ የሚያውቅ ሁሉ ኢፖክሲን ያውቃል። በየፋብሪካው ወለል ላይ የሚፈሰው የሚያብረቀርቅ ቀለምም የዚሁ ዘመድ ነው።

ኢፖክሲ ሁልጊዜ ሁለት ጣሳ ነው። አንዱ ሬዚኑ፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ለየብቻቸው ለረጅም ጊዜ ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ሲቀላቀሉ የአንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር እየተያያዘ መረብ ይሠራል። ያ መረብ አንዴ ከተሠራ በኋላ ሲሞቅ ሊለሰልስ ይችላል እንጂ እንደ ሰም ቀልጦ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፖሊስተር የተባለ ሌላ ርካሽ ሬዚን አለ፤ ለጀልባና ለውኃ ጋን ፋይበርግላስ የሚያገለግለው ነው። በፖሊስተር ውስጥ የሚጨመረው ሁለተኛው ነገር መጠኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሥራውም እንደ ደላላ ነው፤ ገዥና ሻጭን አገናኝቶ ገበያውን ያስጀምራል። ትንሽ ቢጨመርበት ገበያው ይፈጥናል። በዚህ የለመደ ሰው ኢፖክሲም ላይ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ማጠንከሪያውን ያበዛል። በኢፖክሲ ግን ማጠንከሪያው ደላላ አይደለም፤ ራሱ ተዋዋይ ወገን ነው። ለእያንዳንዱ የሬዚን እጅ አንድ የማጠንከሪያ እጅ ያስፈልጋል። የተረፈው እጅ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ የሚጨብጠው ሳያገኝ መረቡ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውጤቱም እንደየዓይነቱ የሚለፈሰፍስ፣ ወይም የሚሰባበር፣ ወይም እርጥበት የሚስብ ሙጫ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ጣሳው ላይ የተጻፈው የመቀላቀያ መጠንም እንዲሁ ነው። አይከራከሩበትም፤ ይፈጽሙታል።

በነገራችን ላይ ፖሊስተርን ለስኪ መጠቀም የሚያስቡ አሉ፤ ዋጋው ዝቅ ስለሚል። ፖሊስተር ሲደርቅ ከኢፖክሲ በበለጠ ይኮማተራል፤ ከእንጨትና ከብረት ጋርም እንደ ኢፖክሲ አይጣበቅም። ለአንድ ጥንድ ስኪ የሚበቃው ሬዚን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ከዋጋው ልዩነት የሚገኘው ቁጠባ ለአደጋው የሚበቃ አይደለም።

ወደ እህቴ ልጅ እንመለስ። ጣሳው «2 ለ 1» ይላል። እሱም ሚዛን አውጥቶ 100 ግራም ሬዚን ላይ 50 ግራም ማጠንከሪያ ጨመረ። በጥቃቅኑ ፊደል የተጻፈው ግን «በይዘት» የሚል ነበር፤ በኩባያ ተለክቶ ማለት ነው። ሬዚን ከማጠንከሪያው የበለጠ ክብደት አለው። የአንድ ሊትር ሬዚን ክብደት 1.15 ኪሎ፣ የማጠንከሪያው 0.97 ኪሎ ቢሆን፣ በኩባያ 2 ለ 1 የሆነው በሚዛን 100 ለ 42 ይሆናል። እሱ 50 ሲጨምር ማጠንከሪያውን ከሚገባው 19 በመቶ ያህል አበዛው ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያው ይህን ሲያሰላ ፊቱ ተለወጠ። ስለዚህ ሬዚን ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «መጠኑ በይዘት ነው በክብደት?» የሚለው ነው። ጥሩ አምራች ሁለቱንም ለይቶ ይጽፋል። በሚዛን መለካቱ ይመረጣል፤ የሚዛኑ ቁጥር ግን ከራሱ ከአምራቹ መምጣት አለበት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ሁለተኛው ስህተት «ፈጣን» በሚለው ቃል መማረኩ ነበር። ሬዚንና ማጠንከሪያው ከተቀላቀሉበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። ለጀማሪ ሰው ስኪውን ደራርቦ፣ ክሩን በሙሉ አርሶ፣ መጭመቂያ ውስጥ እስኪከት ድረስ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የሚታወቀውን የሚሺጋኑን ዌስት ሲስተም እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ለአንዱ ሬዚን የተለያዩ ማጠንከሪያዎች አሉት። 205 የተባለው በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኩባያ ውስጥ ከ9 እስከ 12 ደቂቃ ይቆያል፤ 206 ከ20 እስከ 25፤ 209 ደግሞ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በይዘት 5 ለ 1፣ የመጨረሻው 3 ለ 1 ይቀላቀላሉ። አንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ማጠንከሪያው ሲለወጥ ውሉ ይለወጣል ማለት ነው። ለስኪ ሥራ የሚመከረው ዘገምተኛው ነው።

ኢፖክሲ ሲያያዝ ሙቀት ያመነጫል። አንድ ሊትር ሬዚን ጠባብ ባልዲ ውስጥ ቢቀላቅሉት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ራሱን ያፋጥናል፤ ሊጨስና ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ትሪ ላይ ከተዘረጋ ግን ይረጋጋል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀሉ በሰፊ ዕቃ ማፍሰስ ይሻላል።

ሦስተኛው ስህተት ብርዱ ነበር። የዴንቨር ጋራዥ በጥር ሌሊት 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ብርድ ሬዚኑ እንደ ቀዘቀዘ ማር ይወፍራል፤ ክሩ ውስጥም አይሰርግም። ውፍረትን የሚለኩበት አሃድ ውኃን 1 ቢለው፣ በክፍል ሙቀት ለፋይበርግላስ የሚስማማው ቅልቅል ከ500 እስከ 1,000 ገደማ ነው። ከዚያ እጅግ ከወፈረ ክሩን አያርስም፤ እጅግ ከቀጠነ ደግሞ በመጭመቂያው ተገፍቶ ያልቃል። ሌላው ነገር በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመጠንከሪያው ጊዜ እጥፍ መሆኑ ነው። በ22 ዲግሪ በአንድ ቀን የሚጠነክረው በ8 ዲግሪ በሁለት ቀንም ላይበቃው ይችላል። የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ነበር ከመጭመቂያው ያወጣው።

ብርድና እርጥበት ሲገናኙ አንዳንድ ማጠንከሪያዎች በላያቸው ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ያወጣሉ። በዚያ ላይ ሌላ ድርብ ቢጣበቅ አይዝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ።

ለብርድም ለፀሐይም የሚሆን

ስኪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያው ቀን በኋላ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ሙጫው ሁለቱንም መቻል አለበት። አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የሚጽፉት አንድ ቁጥር አለ፤ ሬዚኑ ከጠንካራ ብርጭቆነት ወደ ጎማነት መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት ነው። የመለስለሻ ነጥብ እንበለው። በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከረ ኢፖክሲ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ዝግ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ጥቁር ዕቃ ደግሞ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሙጫው ለስልሶ፣ ተወጥሮ የነበረው ስኪ ቅርጹን ሊለቅ ይችላል።

ነጥቡን ከፍ ማድረጊያው መንገድ ማሞቅ ነው። ኢፖክሲ ከጠነከረበት ሙቀት እምብዛም የራቀ ነጥብ አይኖረውም። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች በመጭመቂያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ አንጥፈው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ያሞቁታል። ከዚህ ብዙ ማለፍ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፖሊኤቲሊኑ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ሙቀት ሲያገኝ ይለጠጣል። 1.8 ሜትር የሆነ ፖሊኤቲሊን በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የሚይዘው ከሌለ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚያው ሙቀት ብረቱ የሚረዝመው 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ሲቀዘቅዙ ይጓተታሉ፤ ስኪውም ይጣመማል። ስለዚህ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ስኪው ተጭኖ እንዳለ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። ማሞቂያ የሌለው ሰው ደግሞ በክፍል ሙቀት እንዲጠነክር የተሠራ ሬዚን ይግዛ፤ ክፍሉን ቢያንስ ወደ 20 ዲግሪ ያድርስ፤ አምራቹ ያለውን ሰዓት ሁሉ ይታገሥ። ማሞቅ የሚጠይቅ ሬዚን ለማሞቂያ አልባ ጋራዥ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

«እጅግ ጠንካራ» የሚለው ቃል ላይም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ ሬዚን ግትር ነው፤ ጭነት ይችላል፤ ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል። ስኪ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚታጠፍ ዕቃ ነው። የብርጭቆው ክር ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ 4 በመቶ በላይ ይሳባል። ሬዚኑ በ2 በመቶ የሚሰነጠቅ ከሆነ ከክሩ ቀድሞ ይሞታል። መግለጫው ላይ «ከመበጠሱ በፊት የሚሳብበት» የሚለውን መቶኛ መፈለግ ይገባል፤ ከ4 እስከ 6 በመቶ ያለው ለስኪ የተሻለ ነው።

መጭመቂያውም የውሉ አካል ነው። ቤት ውስጥ የተለመደው በብረት ምሰሶዎች መሐል የእሳት አደጋ ውኃ ቱቦ ዘርግቶ በኮምፕሬሰር አየር መሙላት ነው። 3 ባር የሞላ ቱቦ በአንድ ስኪ ላይ በግምት 6 ቶን ያሳርፋል። ምሰሶው ይህን ካልቻለ አደጋው ከስኪው በፊት እዚያው ይደርሳል። ሌላው ዘዴ ስኪውን በፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ አየሩን መምጠጥ ነው። በዚህ የሚገኘው ግፊት በባሕር ጠረፍ 1 ባር ገደማ ነው፤ እንደ ዴንቨር ባለ ከፍ ያለ ቦታ ደግሞ ያንሳል። ግፊቱ ያነሰ ሰው ቀጠን ያለ፣ በቀላሉ የሚሰርግ ሬዚን ያስፈልገዋል።

የማይለቅ ዕዳ

ስለ ጤና ካልተነገረ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ያልጠነከረ ሬዚንና ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣሉ። አንድ ሰው ለብዙ ወራት ምንም ሳይሰማው ሠርቶ አንድ ቀን አለርጂ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠብታም ብትሆን ማሳከክና ማቆስል ትጀምራለች፤ ይህ ጠባይ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። በዚህ ምክንያት ሙያቸውን የተዉ ሠራተኞች አሉ።

መከላከያው የናይትራይል ጓንት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር። እጅን የነካ ሬዚን በአሴቶን ወይም በቲነር መታጠብ የለበትም፤ አቅጥኖ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። ሳሙናና ውኃ ይበቃል። የሚፋቀው አቧራም በአፍና በአፍንጫ እንዳይገባ መከለያ ያስፈልጋል። «ሽታ የለውም» ወይም «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ማንንም አያዘናጋ። ከዕፅዋት የተገኘ ካርቦን ያለባቸው ጥሩ ኢፖክሲዎች አሉ፤ እነሱም ሳይጠነክሩ ከተነኩ አለርጂ ያመጣሉ።

ከመግዛት በፊት

እንግዲህ ሻጩን ወይም መግለጫውን እነዚህን መጠየቅ ይገባል። መቀላቀያው በይዘት ስንት ነው፤ በክብደትስ? በ20 ዲግሪ ኩባያ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ለመጠንከር የሚጠይቀው ዝቅተኛው ሙቀት ስንት ነው፤ እኔስ ጋራዥ ውስጥ አለኝ? የመለስለሻ ነጥቡ ስንት ነው፤ ያ ቁጥር የተገኘው ሳይሞቅ ነው ወይስ ሞቆ? ከመበጠሱ በፊት ስንት በመቶ ይሳባል? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለውና ጣሳው ላይ ያለው «እጅግ ጠንካራ» ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ከተገዛም በኋላ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ስኪው ከመሠራቱ በፊት በፖሊኤቲሊን፣ በእንጨትና በፋይበርግላስ ቁራጭ ላይ ሞክሮ፣ ከጠነከረ በኋላ በመሮ መፈልቀቅ ነው። ሲፈለቀቅ እንጨቱ ራሱ ተቦጭቆ ከመጣ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል። ንብርብሩ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ስኪ መሥራት አይጀመርም። ለሌላ ሰው ስኪ ሠርቶ የሚሰጥ ደግሞ፣ በሽያጭም በስጦታም ይሁን፣ የራሱን ጥንድ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ሳይፈትን አይስጥ። ይህን የምለው እንደ ሕግ ተማሪም እንደ አጎትም ሆኜ ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ጥንድ ለልጁ አልሠራም። መጀመሪያ ለራሱ ደገመው። ዘገምተኛ፣ ሲታጠፍ የሚሳብ ሬዚን መረጥን፤ ማሞቂያ ጨርቅ ገዛ። የእኔ ሥራ ሚዛን ማንበብና እያንዳንዱን ቅልቅል ከነሰዓቱ ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። ከየኩባያው የተረፈችውን ሬዚን ቀን ጽፈንባት አስቀመጥን፤ በኋላ ችግር ቢመጣ የትኛው ቅልቅል እንደሆነ ትመሰክራለች። ልጅቷ «የእኔስ?» ስትል «ለሚቀጥለው ዓመት» አላት። አኮረፈች።

ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር በስኪ ሲወዳደር ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ቀልድ አይተነው ነበር። እኔ ግን በየካቲት ወር ተራራው ግርጌ ቆሜ፣ የእህቴ ልጅ በሠራው ስኪ ላይ ቁልቁል ሲመጣ ስጠብቅ ቀልድ አልታየኝም። ዓይኔ የሰውዬውን ፊት ሳይሆን የግራውን ስኪ አፍንጫ ነበር የሚከተለው። እስከ ታች ድረስ እንደተዘጋ መጣ።